ትንሹ ይሄዳል፣ ትልቁ ይቀራል

«ልጄ፣ ይሄ ኔትወርክ ዛሬም አልተሻለውም» አሉኝ።

ሒሳብ ክፍል የሚሠሩ፣ በዕድሜ እናቴን የሚያክሉ ባልደረባዬ ናቸው። እኔ ዐይኔን ስክሪኔ ላይ ተክዬ ነበር። ቀና እንኳ ሳልል «ምን ሆነ?» አልኳቸው።

«ትንሹ ይሄዳል፣ ትልቁ ይቀራል።»

ዝርዝሩንም ነገሩኝ። ሌላው ቅርንጫፍ ካለው ሰርቨር ጋር ነው የሚሠሩት። አንዲት መስመር መዝግበው ሲልኩ ወዲያው ትደርሳለች። የወሩን ሪፖርት ሲልኩ ግን ይጀምርና ይገተራል። ከዚያ ወደዚህ ሲሆን ደግሞ ትልቁም ትንሹም ይመጣል።

ተነሥቼ ሄድኩ። ኮምፒውተራቸው ላይ ያቺን ትእዛዝ የሚጻፍባትን ጥቁር መስኮት ከፈትኩ። ፒንግ ብዬ የሰርቨሩን አድራሻ ጻፍኩ፤ ፒንግ ሌላ ማሽን «አለህ?» ሲባል ይመልስ እንደሆነ የምታይ ትንሽ ፕሮግራም ናት። አራት ተላከ፣ አራት ተመለሰ፣ የጠፋ ዜሮ። ጊዜውም ምንም አይልም።

«እናቴ፣ ይኸው ይዩት። ኔትወርኩ ምንም አልሆነም። ፋይሉ ይሆናል የተበላሸው።»

ስክሪኑን አዩ። እኔን አዩ። «እንግዲህ አንተ ካልክ» ብለው ተቀመጡ። ያቺ «አንተ ካልክ» እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች።

ተሳስቼ ነበር። ፒንግ ግን አልተሳሳተችም። የተጠየቀችውን በትክክል መልሳለች። እኔ ነኝ ያልጠየቅኳትን እንደመለሰችልኝ አድርጌ የሰማሁት። ይህን ለመረዳት ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ስለ ፒንግ ትንሽ ላውራ፤ ታሪኳን እወደዋለሁ። የጻፋት ማይክ ሙስ የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1983። የሚሠራው በአሜሪካ ጦር የባሊስቲክ ምርምር ላቦራቶሪ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ አመል አወጣበት። ከጥቂት ወራት በፊት ዴቭ ሚልስ ከተባለ ባለሙያ አንድ ሐሳብ ሰምቶ ነበር፤ ፓኬት (በኔትወርክ የሚላክ ቁራጭ መረጃ) ልኮ፣ መልሱ እስኪመጣ ስንት ጊዜ እንደፈጀ መለካት። ሙስ አንድ ምሽት ቁጭ አለና ጻፋት። ስሟን ያወጣላት ከሶናር ነው። ሰርጓጅ መርከብ ድምፅ ይለቅና የሚመለሰውን ያዳምጣል፤ ያ ድምፅ ነው «ፒንግ»። እኛ ገደል ማሚቶ የምንለው ነው ነገሩ። የታሪኩ መጨረሻ ደግሞ ያስቀኛል። ፕሮግራሟ አልቃ ለሙከራ የደረሰችው ገና ሳይነጋ ነው። አንድ ባልደረባው ግን ቀድሞ የተበላሸውን ዕቃ አግኝቶ አስተካክሎት ኖሯል። ፒንግ የተወለደችበትን ችግር ለማየት እንኳ አልታደለችም።

እንግዲህ ገደል ማሚቶ ምን ይነግርሃል? ድምፅህ ደርሶ እንደተመለሰ። በቃ። ማዶ ያለው ሰው ምን እየሠራ እንደሆነ አይነግርህም። በሩ ክፍት ይሁን ዝግ አይነግርህም። ጋሪ ጭነህ ብትሄድ መንገዱ ይበቃህ እንደሆነም አይነግርህም።

ፒንግ በዊንዶውስ ካልነካካሃት በቀር የምትልከው 32 ባይት ነው። በሊኑክስ 56። ይህ ማለት ከአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር የማይበልጥ ነገር ነው። አንድ ተራ የኢተርኔት (የቢሮ ኬብል ኔትወርክ) ፓኬት እስከ 1500 ባይት ይይዛል። ስለዚህ እኔ ባልደረባዬ ፊት ቆሜ ያረጋገጥኩት «አንዲት ቁራጭ ወረቀት ትደርሳለች» የሚለውን ብቻ ነበር። እሳቸው ደግሞ ይህንን አስቀድመው ነግረውኛል። ትንሹ ይሄዳል ብለዋል።

ፒንግን ስናነብ የምንሠራው ስሕተት ይህ ብቻ አይደለም። የዊንዶውሷ ፒንግ አንድ የምትሸውድበት ነገር አላት። እዚያው ኔትወርክህ ውስጥ ያለ፣ ግን የጠፋ ማሽን ላይ ፒንግ አድርግ። ብዙ ጊዜ «ዴስቲኔሽን ሆስት አንሪቸብል» የሚል መልስ ይመጣል። መልሱን የሰጠው ማን እንደሆነ እይ። የራስህ ኮምፒውተር ነው! «ፈልጌ አጣሁት» እያለ ለራሱ ይመልሳል። ከታች ያለው ድምር ደግሞ አራት ተላከ፣ አራት ተመለሰ፣ የጠፋ ዜሮ በመቶ ይላል። ምክንያቱም መልስ መጥቷል፤ «የለም» የሚለውም መልስ ነው። ድምሩን ብቻ እያየ «ማሽኑ በርቷል» ብሎ የተከራከረኝ ልጅ አለ። እኔም በሥራዬ መጀመሪያ ተከራክሬያለሁ።

«ታይም አውት» ደግሞ ሌላ ነው። ይህኛው ዝምታ ነው። ላክሁ፣ ጠበቅሁ፣ ማንም አልመለሰም። ማሽኑ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ፋየርዎል፣ የሚገባና የሚወጣውን የሚቆጣጠረው ዘበኛ፣ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ማሽኖች ጤነኛ ሆነው ሳለ ለፒንግ አይመልሱም። ፓኬቱ ደርሶ መልሱ መንገድ ላይ ቀርቶም ሊሆን ይችላል። «የለም» ሲሉህና ዝም ሲሉህ አንድ አይደለም። «የለም» ካለ የሚናገር ሰው አለ ማለት ነው። ለዚህ ልዩነት ስንፍናዬ ያስከፈለኝን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

አንድ ቀን ለምጄው የኖርኩት የአሠራር ቅደም ተከተል ከየት እንደመጣ አሰብኩ። ከማንም አልተማርኩትም። ከመሸማቀቅ ነው የተማርኩት። አንዴ ግማሽ ቀን ሙሉ የሰርቨር ኮንፊገሬሽን ሳገላብጥ ውዬ፣ በመጨረሻ ኬብሉ ግማሽ ድረስ ወጥቶ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ጎንበስ ብዬ መብራቱን አያለሁ። መብራት ካለ እንኳ አላምነውም። ኬብል እንደ አምፖል በርቶ ወይም ጠፍቶ ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም።

ይህችን ልብ በሉልኝ። በኔትወርክ ኬብል ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጠማዘዙ። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚሄደው ኮኔክሽን የሚጠቀመው አራቱን ብቻ ነው። አንድ ጊጋቢት የሚሄደው ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። አሁን ከስምንቱ አንዱ ተበጠሰ እንበል፤ ያውም 100 ሜጋቢቱ ከማይጠቀምባቸው መካከል። ብዙ ጊዜ መብራቱ ይበራል። ፒንግ ይመልሳል። ኢንተርኔቱ ይከፍታል። ብቻ ፍጥነቱ አንድ አሥረኛ ይሆናል። ሰውየው «ኮምፒውተሬ ዘገመ» ይላል፤ አንተ ኮምፒውተሩን ታጸዳለህ፣ አንቲቫይረሱን ትከሳለህ። ማየት የነበረብህ አንዲት ቁጥር ናት። የኮኔክሽኑን ሁኔታ ስትከፍት ፍጥነቱ 100 ነው ወይስ 1000? ሁለቱም ዳር ጊጋቢት የሚችሉ ሆነው 100 ካለ፣ ኬብሉን ቀይር። በሁለቱም ጫፍ የሚሰካ የኬብል መፈተሻ ካለህ ደግሞ መብራቶቹ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ሲሄዱ አንዷ ትዘላለች። ያቺን የዘለለች መብራት ሳይ የሚሰማኝን ደስታ ለሌላ ሙያ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው።

ከኬብሉ ቀጥሎ አድራሻው ነው። እዚህ ብዙም አልቆይም። አድራሻው በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ኮምፒውተሩ «አድራሻ ስጡኝ» ብሎ ጮኾ፣ የሚሰጠው አጥቶ፣ ለራሱ ስም አውጥቶ ተቀምጧል ማለት ነው። አድራሻ የሚያድለውን ዲኤችሲፒውን ወይም ወደሱ የሚወስደውን መንገድ ፈልግ። አድራሻው ደህና ከሆነ ጌትዌዩን፣ ወደ ውጭ መውጫውን በር፣ ፒንግ አድርግ። ከዚያ ውጭ ያለ አንድ የታወቀ ቁጥር፣ ለምሳሌ 8.8.8.8። ከዚያ በስም። ቁጥሩ መልሶ ስሙ ወደ ቁጥር አልቀየር ካለ ጥፋቱ ዲኤንኤስ ላይ ነው፤ ስምን ወደ ቁጥር የሚቀይረው እሱ ነው። የሙያው ሰዎች «ሁልጊዜም ዲኤንኤስ ነው» እያሉ ይቀልዳሉ። ሁልጊዜ አይደለም። ግን ቀልዱ ያለ ምክንያት አልመጣም።

በዲኤንኤስም ተሸውጃለሁ። አንድ ሳይት በእኔ ኮምፒውተር ብቻ አልከፍት አለ። የአንድን ስም ቁጥር የሚጠይቀውን ኤንኤስሉካፕን ስጠቀም ትክክለኛውን ቁጥር ይሰጠኛል። ብራውዘሩ ግን ሌላ ቦታ ይሄዳል። ኤንኤስሉካፕ የሚጠይቀው በቀጥታ የዲኤንኤስ ሰርቨሩን ነው። ብራውዘሩ ደግሞ መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለችውን፣ ስምና ቁጥር በእጅ የሚጻፍባትን የሆስትስ ፋይል ያያል። እዚያች ፋይል ላይ ከወራት በፊት ለሙከራ ብዬ የጻፍኳት መስመር ነበረች። የጻፍኳትም የረሳኋትም እኔ ነኝ። ሁለቱ መሣሪያዎች አልተጣሉም ነበር፤ የተጠየቁት ጥያቄ ለየቅል ነው።

አሁን ፓኬት የሚያልፍበትን መንገድ ወደሚያሳየው ወደ ትሬስራውት ልምጣ። ከሁሉም ያሳፈረኝ እሱ ነው።

ሐሳቡ በጣም ብልጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ቫን ጃኮብሰን ጻፈው። እያንዳንዱ ፓኬት ላይ ዕድሜ የሚሉት ቁጥር አለ። በአንድ ራውተር (ፓኬትን ከኔትወርክ ወደ ኔትወርክ በሚያሳልፍ መሣሪያ) ባለፈ ቁጥር አንድ ይቀነስበታል። ዜሮ ሲሆን ራውተሩ ፓኬቱን ይጥልና ለላኪው «ዕድሜው አለቀ» የሚል ማስታወሻ ይልካል። ይህ የተሠራው ፓኬቶች መንገድ ጠፍቷቸው ለዘለዓለም እንዳይዞሩ ነው። ትሬስራውት ይህንኑ ለሌላ ነገር ተጠቀመበት። መጀመሪያ ዕድሜው 1 የሆነ ፓኬት ይልካል፤ የመጀመሪያው ራውተር ጥሎት «አለቀ» ይላል፣ በዚያውም ራሱን ያጋልጣል። ቀጥሎ 2፣ ቀጥሎ 3። እየገደሉ መንገድ መቁጠር በለው። ስለ መንገዱ የምታውቀው ራውተሮቹ በሚልኩልህ የፓኬቶቹ መርዶ ነው።

ጎበዝ ነኝ ባልኩበት ዘመን፣ አንድ ሩቅ ሰርቨር ዘገየብኝ። ትሬስራውት አደረግኩ። መሃል ላይ ያለ አንድ ራውተር 300 ሚሊሰከንድ ያሳያል። ከሱ በኋላ ያሉት 80፣ 82፣ 81። አገኘሁት! ብዬ ለአገልግሎት ሰጪው ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩ። የራውተሩን አድራሻ አስምሬ፣ ውጤቱን አያይዤ፣ በመጠኑም ቆጣ ብዬ። መልሱ ሦስት መስመር ነበር፣ በጣም ጨዋ። «ያ ራውተር በእርግጥ 300 ቢያዘገይ፣ በሱ በኩል አልፎ የሚሄደው ሁሉ ቢያንስ 300 አይሆንም ነበር?»

አንብቤው ወንበሬ ላይ ሰመጥኩ። እውነታቸውን ነው። ራውተር ሥራው ፓኬት ማሳለፍ ነው። ለትሬስራውት ማስታወሻ መጻፍ ትርፍ ሥራው ነው፤ ሲመቸው ነው የሚያደርገው። 300ው መልስ ለመጻፍ የፈጀበት እንጂ ለማሳለፍ የፈጀበት አይደለም። አንዳንዱ ራውተር ጭራሽ አይመልስም፤ ኮከብ ኮከብ ብቻ ታያለህ። ከኮከቦቹ በኋላ ያሉት ከመለሱ፣ መንገዱ አልተዘጋም። መዘግየት ከአንድ ቦታ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ከዘለቀ ያኔ ጠርጥር።

በነገራችን ላይ ከቁጥሩ በፊት ካርታ ማየትም ጥሩ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ የሚሄደው በሰከንድ ወደ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 1000 ኪሎ ሜትር ደርሶ ለመመለስ ቢያንስ 10 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል። 8000 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ሰርቨር 80 ሲያሳይህ ማማረር የለብህም፤ ከዚያ በታች ልውረድ ብትልም ተፈጥሮ አትፈቅድልህም።

የዚያ ደብዳቤ ውርደት ትምህርት ሆነኝ። ኮከብ ሳይ «ኤጭ፣ ራውተሮች አንዳንዴ ዝም ይላሉ» ማለት ለመድኩ። ትክክል ነው። ግን አንድ ነገር ከለመድክ በኋላ ማየት ታቆማለህ። የባልደረባዬ ነገር ጉድ ያደረገኝ እዚህ ላይ ነው።

ወደሳቸው እንመለስ። ከሰዓት በኋላ እንደገና መጡ። «ፋይሉን ልጄ ሌላ ፋይል አድርጌ ሞከርኩት፤ ያው ነው።» ያን ጊዜ እንደ ሰው ቁጭ ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም። ኬብላቸውን ቀየርኩ። ስዊቹ ላይ ፖርታቸውን ቀየርኩ። የኔትወርክ ካርዱን ድራይቨር አውርጄ ጫንኩ። አንቲቫይረሱን አጠፋሁ፣ አበራሁ። ራውተሩን ሪስታርት አደረግኩ። ይህን ሁሉ ያደረግኩት በአንድ ጊዜ ነው፤ ቢሠራ ኖሮ የትኛው እንዳሠራው አላውቅም ነበር። እንኳን አልሠራ።

ስለ ሪስታርት አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ይቆጣኛል። ሪስታርት ምርመራ አይደለም። ይሠራል፣ ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ እኔም አደርገዋለሁ። ግን ማስረጃውን ጠራርጎ ነው የሚሄደው። የራውተሩ ሚሞሪ ሞልቶ ከነበረ አሁን ባዶ ነው። ሁለት ማሽኖች አንድ አድራሻ ይዘው ከነበረ አሁን ተለያይተዋል፣ እስከሚቀጥለው ድረስ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ በሳምንቱ ያው ችግር ሲመጣ ከዜሮ ትጀምራለህ። ሪስታርት ከማድረግህ በፊት ሁለት ደቂቃ ወስደህ አድራሻውን፣ ሎጉን፣ የፒንጉን ውጤት ፎቶ አንሣ። ደህና በሆነ ቀንም እንዲሁ ለክተህ አስቀምጥ። 40 ሚሊሰከንድ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? ትናንት ስንት እንደነበር ካላወቅክ ማን ይነግርሃል?

በሁለተኛው ቀን ትሬስራውት አደረግኩ። የመጀመሪያው፣ የራሳችን ፋየርዎል፣ መለሰ። ከዚያ ኮከብ። ኮከብ። ኮከብ። በመጨረሻ የሩቁ ሰርቨር መለሰ። «ደርሷል፤ መሃሉ ላይ ያሉት ራውተሮች ዝም ብለዋል» አልኩና ዘጋሁት። መልሱ እዚያው ዐይኔ ሥር ነበር። ሁሉም በአንዴ ዝም ሲሉ «ለምን ሁሉም?» ማለት ነበረብኝ። ከወር በፊት ይመልሱ እንደነበር አውቃለሁ እኮ!

ማታ ሰው ሁሉ ወጥቶ ብቻዬን ቀረሁ። ጨጓራዬ ተልጧል። መሣሪያዎቹን ሁሉ ጨርሻለሁ። የቀረኝ ነገር ቢኖር ሴትዮዋ ያሉት ነው። ወረቀት አወጣሁና ቃል በቃል ጻፍኩት። ትንሹ ይሄዳል። ትልቁ ይቀራል። ከዚያ ሲመጣ ትልቁም ይመጣል።

አየሁት። ለካ ሴትዮዋ ችግሩን አልነበረም የነገሩኝ። ምርመራቸውን ነው። መጠን ቀይረው ሞክረዋል። አቅጣጫ ቀይረው ሞክረዋል። ሌላ ፋይል ወስደው ሞክረዋል። አንድ ነገር ብቻ እየቀየሩ! እኔ ያላደረግኩትን ሥርዓት ያለው ሥራ እሳቸው ሠርተውታል። እኔ ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ ብያለሁ።

ፒንግን እንደገና ከፈትኩ። አሁን ግን 32 ባይት አይደለም። ሁለት ነገር ጨመርኩ። አንደኛ መጠኑን 1472 አደረግኩት። 1472 ላይ 28 ባይት ራስጌ (የአድራሻና የመለያ ጽሑፍ) ሲደመርበት 1500 ይሞላል፤ የኢተርኔት ጣሪያ ነው። ሁለተኛ፣ «አትቁረጡኝ» የሚለውን ምልክት አበራሁ። ፓኬት ከመንገዱ ከሰፋ ራውተሩ ለሁለት ሊከፍለው ይችላል። ይህ ምልክት ካለበት ግን እንዲከፍለው አይፈቀድለትም። የዛሬ ኮምፒውተሮች መደበኛ ትራፊካቸውን ባብዛኛው እንዲህ ምልክት አድርገው ነው የሚልኩት።

ላክሁ። ታይም አውት። ታይም አውት። ታይም አውት። ታይም አውት።

ልቤ መምታት ጀመረ። 1372 አልኩ። አራቱም ተመለሱ። 1422፣ ዝምታ። 1397፣ ተመለሰ። እየገመስኩ ሄድኩ። 1410፣ ተመለሰ። 1416፣ ዝም። 1413፣ ዝም። 1411፣ ዝም። ድንበሩ 1410 ነው። አንድ ባይት ብትጨምር የውሃ ሽታ ይሆናል። አንድ ባይት!

ቅርንጫፎቹን የሚያገናኘው ቪፒኤን ነው። ቪፒኤን እያንዳንዱን ፓኬት ይቆልፍና በሌላ ፓኬት ውስጥ ይከተዋል። ፖስታ በፖስታ ውስጥ እንደማለት። የውጪው ፖስታ ቦታ ይወስዳል፤ ስለዚህ የውስጡ ትንሽ ማነስ አለበት። ይህ ያለና የሚታወቅ ነገር ነው። ትልቅ ፓኬት ሲመጣ የቪፒኤኑ ራውተር ይጥለዋል፣ ለላኪውም «ሰፍቶብኛል፣ አሳንስና ላክ» ብሎ ይጽፋል። ላኪው ያሳንሳል። ሁሉ በሰከንድ ሽራፊ ያልቃል፣ ማንም ሳያውቅ።

እኔ ግን ያየሁት «ሰፍቶብኛል» አይደለም። ዝምታ ነው። ማስታወሻው ቢመጣ ኖሮ ዊንዶውስ በግልጽ «ፓኬቱ መከፈል አለበት፣ አይፈቀድም» ብሎ ይጽፍልኝ ነበር። አልጻፈም። ስለዚህ አንድ ሰው ማስታወሻውን መንገድ ላይ እየቀደደው ነው። የትሬስራውቱ ኮከቦችም ትዝ አሉኝ። «ዕድሜው አለቀ» የሚለው መርዶ እና «ሰፍቶብኛል» የሚለው ማስታወሻ የሚጓዙት በአንድ ፕሮቶኮል ነው፣ አይሲኤምፒ በሚባለው። የፒንግ መልስም በዚያው ነው የሚጓዘው። ሁለቱ ጠፍተው ፒንግ ብቻ የምታልፈው እንዴት ነው?

ፋየርዎሉን ከፈትኩ። ሕጎቹን ከላይ ጀምሬ አነበብኩ። አሥራ ምናምነኛው ላይ ደረስኩ። ከውጭ የሚመጣ አይሲኤምፒ በሙሉ ይከልከል፣ ከፒንግ መልስ በስተቀር። ከጎኑ የገባበት ቀን አለ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት። ያስገባው ሰው የተጠቃሚ ስምም አለ።

የእኔ ነው።

ትዝ አለኝ። አይሲኤምፒን ክፍት መተው ለአጥቂ በር መክፈት ነው የሚል ምክር የሆነ ቦታ አንብቤ፣ አንድ አርብ ከሰዓት ዘጋሁት። ፒንግን ግን ተውኳት። ለምን? ኔትወርኩ ደህና መሆኑን የማረጋግጥባት እሷ ናት ብዬ! «ደህና ነው» የምትለዋን ትቼ «ችግር አለ» የሚሉትን በሙሉ አፋቸውን ዘጋሁ ማለት ነው። ሦስት ሳምንት ማንም ያላስተዋለውም በሌላ ምክንያት አይደለም። ወደዚያ ቅርንጫፍ ትልቅ ነገር የሚላከው የወሩ ሪፖርት ሲደርስ ነው። ከዚያ ወደዚህ የሚመጣው ትልቁም ያልተቸገረው፣ የእነሱ ፋየርዎል እንደኔ ባለ ብልጥ እጅ ስላልገባ ነው።

ሕጉን አስተካከልኩት። «ሰፍቶብኛል» የሚለውና «ዕድሜው አለቀ» የሚለው ይለፉ፣ የቀረው እንደነበረ። ሌላ ምንም አልነካሁም፤ ይህቺን ታክል ተምሬያለሁ። ከዚያ 1472ን እንደገና ላክሁ። መስኮቷ ላይ ወዲያው ወጣ። ፓኬቱ መከፈል አለበት፣ አይፈቀድም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኤረር አይቼ ተደስቼ አላውቅም። ብቻዬን ሳቅሁ።

ጠዋት ቀድሜያቸው ገባሁ። ሲመጡ ቦርሳቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ «እስቲ ይላኩት» አልኳቸው።

ተቀመጡ። መነጽራቸውን አደረጉ። ሪፖርቱን አያይዘው ላኩ። ያቺ አረንጓዴ መስመር ተነሣች፣ ሁልጊዜ የምትቆምበት ቦታ ላይ ደረሰች፣ አለፈች።

«ምን ነበር?» አሉኝ።

«አንድ ሰው መንገድ ዘግቶ ነበር» አልኩ።

«ማን?»

ዐይኔን በጨው አጥቤ ሌላ ሰው ልል አሰብኩ። አልቻልኩም። ነገርኳቸው። እሳቸው ግን እኔን ማየት ትተው ስክሪኑን እያዩ ነበር። መስመሯ ጫፍ ደረሰች።

«ትልቁም ሄደ» አሉ።